አነስተኛ ንግድን በዲጂታል መሣሪያ ተወዳዳሪ ማድረግ፦ ከሽያጭ መዝገብ የሚጀምር የአሠራር መመሪያ

አነስተኛ ንግድ የሚያንቀሳቅሱ ሰዎች ደጋግመው የሚያቀርቡልኝ አንድ ጥያቄ አለ፦ «ከትልልቆቹ ጋር ለመወዳደር የትኛውን አፕ ልጠቀም?» ለእያንዳንዱ ጠያቂ በየጊዜው ከምመልስ አንድ ጊዜ በዝርዝር መጻፉ ይሻላል ብዬ ይህን መመሪያ አዘጋጅቻለሁ።

መልሱ ከአፕ ስም አይጀምርም። ዲጂታል መሣሪያ ንግድን ተወዳዳሪ የሚያደርገው በሁለት መንገድ ነው። አንደኛው ደንበኛው በቀጥታ የሚያየውን ነገር፣ ማለትም የመልስ ፍጥነትን፣ የዕቃ መገኘትንና የዋጋ ግልጽነትን ሲያሻሽል ነው፤ ሁለተኛው ባለቤቱ ሳያውቀው ከንግዱ የሚወጣውን ገንዘብ ሲያስቆም ነው። ሁለቱንም የማያደርግ መሣሪያ ተጨማሪ ወጪ ከመሆን አያልፍም። የደረጃዎቹ ቅደም ተከተል የተወሰነውም በዚሁ ምክንያት ነው። መዝገብ ከማስታወቂያ ይቀድማል፤ መደርደሪያው ላይ ምን እንዳለ በትክክል የማያውቅ ነጋዴ በማስታወቂያ ብዙ ደንበኛ ቢጠራ፣ «አልቋል» ተብሎ የሚመለሰውን ሰው ቁጥር ከማብዛት በቀር የሚያገኘው ጥቅም የለም።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- ኢንተርኔት የሚያገኝ ስማርት ስልክ። ኮምፒውተር ካለ ሥራውን ያቀላል፤ ግዴታ ግን አይደለም።
- ለንግዱ ብቻ የሚያገለግል የስልክ ቁጥርና የኢሜይል አድራሻ። ሁለቱም በሠራተኛ ወይም በዘመድ ስም ሳይሆን በባለቤቱ ስም የተመዘገቡ መሆን አለባቸው።
- ጎግል ሺትስ ወይም ኤክሴል (በረድፍና በዓምድ መዝገብ የሚያዝባቸውና የሚደምሩ ፕሮግራሞች)።
- ዋትስአፕ ቢዝነስ፣ ወይም ደንበኞችዎ በብዛት የሚጠቀሙበት ሌላ የመልእክት አፕ።
- ለመጀመሪያው ሳምንት አንድ ደብተርና እስክሪብቶ።
- መጠባበቂያ ቅጂ የሚቀመጥበት ፍላሽ ወይም ሃርድ ዲስክ።
- በየቀኑ 20 ደቂቃ። ከዝርዝሩ ሁሉ ለማግኘት የሚከብደው ይህኛው ስለሆነ፣ ሰዓቱን አስቀድመው ይወስኑለት።

ደረጃ 1፦ ለ7 ቀናት ያመለጠዎትን ሽያጭ ይመዝግቡ

ምንም አፕ ከመጫንዎ በፊት ደብተሩን ጠረጴዛው ላይ ያስቀምጡና ሳይገዛ የሄደውን እያንዳንዱን ደንበኛ ከምክንያቱ ጋር ይጻፉ፦ ዕቃው አልቆ ነበር፣ ዋጋው ተወደደበት፣ ስልክ ደውሎ ያነሳለት አልነበረም፣ ለመልእክቱ መልስ ሲመጣለት ከሌላ ቦታ ገዝቶ ነበር፣ የሚከፍልበት መንገድ አልተመቸውም። የሄደበትን ምክንያት የማያውቁ ከሆነ «አልታወቀም» ብለው ይጻፉ እንጂ አይገምቱ።

ይህ ደረጃ አስፈላጊ የሆነው ገንዘብና ጊዜ የት ላይ እንደሚውል የሚወስነው እሱ ስለሆነ ነው። አብዛኛው ደንበኛ ዕቃ በማለቁ የሚመለስ ከሆነ ዋናው ሥራዎ ደረጃ 3 ነው። የሚጠፋው በመልስ መዘግየት ከሆነ ደግሞ ደረጃ 5 ላይ ይበረታሉ። ደብተሩን አይጣሉት፤ ከወራት በኋላ ለውጥ መምጣቱን የሚያውቁት ከእሱ ጋር በማነጻጸር ነው።

ደረጃ 2፦ የሽያጭ መዝገቡን ይክፈቱ

በጎግል ሺትስ ወይም በኤክሴል አዲስ ፋይል ይክፈቱና የመጀመሪያውን ገጽ «ሽያጭ» ብለው ይሰይሙት። ዓምዶቹ ሰባት ይሁኑ፦ ቀን፣ የዕቃ መለያ ቁጥር፣ የዕቃ ስም፣ ብዛት፣ የአንዱ መሸጫ ዋጋ፣ የአከፋፈል መንገድ (ጥሬ ገንዘብ፣ በባንክ፣ በስልክ፣ በዱቤ) እና ማስታወሻ። አንድ ረድፍ የሚይዘው የአንድ ዕቃ ሽያጭ ነው። ደንበኛው ሦስት ዓይነት ዕቃ ከገዛ ሦስት ረድፍ ይሞላሉ።

ሁለተኛውን ገጽ «ዕቃዎች» ይበሉት። እዚህ እያንዳንዱ ዕቃ አንድ ጊዜ ብቻ ይጻፋል፦ መለያ ቁጥር፣ ስም፣ የመግዣ ዋጋ፣ የመሸጫ ዋጋ፣ አቅራቢ እና አሁን ያለው ብዛት። የመጨረሻውን ለመሙላት መደርደሪያውንም መጋዘኑንም በእጅዎ መቁጠር ይኖርብዎታል፤ በግምት የተጀመረ መዝገብ እስከ መጨረሻው ግምት ሆኖ ይቀራል።

መለያ ቁጥሩ ለምን እንዳስፈለገ ላስረዳ። አንድ ነጋዴ የሦስት ወር መዝገባቸውን አብረን እንድናይ ጠርተውኝ ነበር። የእጅ ሰዓት ብዙ እንደሚሸጡ እርግጠኛ ነበሩ፤ ድምሩ ግን እጅግ ትንሽ ሆኖባቸዋል። ረድፎቹን አንድ በአንድ ስንመለከት ጠዋት የሚመዘግበው ሠራተኛ «የእጅ ሰዓት»፣ ከሰዓት የሚመዘግበው «የእጅ ሠዓት»፣ ባለቤቱ ራሳቸው ደግሞ «ሰዓት» ብቻ እያሉ ሲጽፉ ከርመዋል። ለእኛ ሦስቱም አንድ ናቸው። ለኮምፒውተሩ ግን ሦስት የተለያዩ ዕቃዎች ስለሆኑ ድምሩ ለሦስት ተከፋፍሎ ነበር። በአማርኛ ሀ፣ ሐ እና ኀ፣ ሰ እና ሠ፣ አ እና ዐ፣ ጸ እና ፀ በድምፅ አንድ ሆነው በፊደል ስለሚለያዩ ይህ ስሕተት ለእኛ መዝገብ ልዩ ፈተና ነው። መፍትሔው ለእያንዳንዱ ዕቃ እንደ 101፣ 102፣ 103 ያለ ቁጥር መስጠትና ድምሩን በቁጥሩ ማስላት ነው። ከዚህም በላይ ዳታ ቫሊዴሽን በተባለው ትእዛዝ፣ መለያ ቁጥሩ ከ«ዕቃዎች» ገጽ ከሚመጣ ዝርዝር እየተመረጠ ብቻ እንዲገባ ያድርጉ።

ድምሩን ለማግኘት ሰምኢፍ (SUMIF) የተባለውን ፎርሙላ ይጠቀሙ። የመለያ ቁጥሩን ዓምድ፣ የሚፈልጉትን ቁጥርና የብዛቱን ዓምድ ሲሰጡት፣ የዚያን ዕቃ ጠቅላላ ሽያጭ ይደምርልዎታል። ፎርሙላ የሚያስቸግርዎ ከሆነ ፒቮት ቴብል የተባለው የማጠቃለያ ሠንጠረዥ ያለ ፎርሙላ ተመሳሳይ ውጤት ይሰጣል።

ማስጠንቀቂያ፦ በብዛትና በዋጋ ዓምድ ውስጥ ከቁጥር በቀር ምንም አይጻፉ። «3 ፍሬ» ብለው ከጻፉ ኮምፒውተሩ እንደ ጽሑፍ ይቆጥረዋል፤ ስሕተት መኖሩንም ሳይነግርዎ ከድምሩ ውጭ ያደርገዋል።

ደረጃ 3፦ ለእያንዳንዱ ዋና ዕቃ የማዘዣ ነጥብ ያስሉ

ትልቅ ድርጅት ከትንሽ ንግድ የሚልቅበት አንዱ ነገር ደንበኛ የሚፈልገው ዕቃ አለመጥፋቱ ነው። ይህን ለማድረግ ግን ትልቅ መጋዘን የግድ አይደለም፤ መቼ ማዘዝ እንዳለብዎ ማወቅ ብቻ በቂ ነው። የማዘዣ ነጥብ ማለት ቀሪው ብዛት (ቆጥረው ካስገቡት ላይ የተሸጠው ሲቀነስ፣ አዲስ የገባው ሲጨመር የሚገኘው) እዚያ ሲደርስ አዲስ ትእዛዝ መላክ ያለብዎት ቁጥር ነው።

በምሳሌ እንየው። አንድ ዕቃ በ90 ቀናት ውስጥ 360 ፍሬ ቢሸጥ የቀኑ አማካይ 4 ነው። አቅራቢው ብዙውን ጊዜ በ6 ቀን የሚያደርስ ከሆነ፣ ዕቃው እስኪደርስ 4 ሲባዛ በ6፣ ማለትም 24 ፍሬ ይሸጣል። ነገር ግን ገበያ የሚደምቅበት ቀን አለ፣ አቅራቢም ይዘገያል። ከመዝገቡ በአንድ ቀን የተሸጠው ከፍተኛው ብዛት 6፣ አቅራቢው የዘገየበት ረጅሙ ጊዜ ደግሞ 9 ቀን ሆኖ ቢገኝ፣ 6 ሲባዛ በ9 54 ይሆናል። ከ54 ላይ 24ቱን ሲቀንሱ የሚቀረው 30 ፍሬ መጠባበቂያዎ ነው፤ የማዘዣ ነጥብዎ ደግሞ 54 ነው። ቀሪው 54 ሲደርስ ካዘዙ፣ እስካሁን ያጋጠመዎት ክፉ ሁኔታ ቢደገም እንኳ መደርደሪያው ባዶ አይሆንም።

ይህን ስሌት ለሁሉም ዕቃ ለመሥራት አይሞክሩ፤ በብዛት በሚሸጡት 20 ዕቃዎች ይጀምሩ። ከዚያም «ዕቃዎች» በሚለው ገጽ ላይ «የማዘዣ ነጥብ» የሚል ዓምድ ይጨምሩና፣ ቀሪው ከነጥቡ እኩል ወይም ያነሰ ሲሆን ሴሉ (ቁጥሩ ያለበት ሳጥን) ቀይ እንዲሆን ያድርጉ። ትእዛዙ በሁለቱም ፕሮግራሞች ላይ ኮንዲሽናል ፎርማቲንግ ይባላል።

በተቃራኒው በ90 ቀናት ውስጥ አንድም ያልተሸጠውን ዕቃ ለይተው ያውጡ። እዚያ ላይ የታሰረው ገንዘብ ፈላጊ ላለው ዕቃ መግዣ መሆን ይችል ነበር። በመግዣው ዋጋም ቢሆን ሸጦ ማስወጣት ብዙ ጊዜ የተሻለ ውሳኔ ነው።

ደረጃ 4፦ ዋጋ ከመቀነስዎ በፊት ትርፉን ያስሉ

ተፎካካሪ ዋጋ ሲቀንስ አብሮ መቀነስ ይቀናናል። በ120 ገዝተው በ150 የሚሸጡትን ዕቃ ይውሰዱ። ጥቅል ትርፉ 30 ነው። 10 በመቶ ቢቀንሱ መሸጫው 135፣ ትርፉ ደግሞ 15 ይሆናል። ዋጋው የቀነሰው በ10 በመቶ ቢሆንም ትርፉ በግማሽ ወርዷል፤ ስለዚህ ቀድሞ የሚያገኙትን ለማግኘት ብቻ የሽያጩ ብዛት እጥፍ መሆን አለበት።

ሌላ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነጥብ አለ። 30 ከመግዣው ከ120 አንጻር 25 በመቶ ነው፤ ከመሸጫው ከ150 አንጻር ግን 20 በመቶ ነው። «25 በመቶ ስለማተርፍ 25 በመቶ ብቀንስ በመግዣዬ እሸጣለሁ» ብሎ የሚያስብ ሰው፣ ዕቃውን በ112.50 ሸጦ በእያንዳንዱ ፍሬ 7.50 ይከስራል። ቅናሽ የሚሰላው ከመሸጫው ላይ ስለሆነ ትርፍዎንም ከመሸጫው አንጻር ያስሉ። «ዕቃዎች» በሚለው ገጽ ላይ ከመሸጫው መግዣውን ቀንሶ ለመሸጫው የሚያካፍል አንድ ዓምድ ካለዎት፣ ደንበኛ ፊት ለፊት ቆሞ ሲከራከር እስከየት መውረድ እንደሚችሉ ስልክዎን አይተው ያውቃሉ።

ደረጃ 5፦ የመልስ ጊዜዎን ያሳጥሩ

ትንሽ ንግድ ከትልቅ ድርጅት ሊበልጥ የሚችልበት ሰፊው በር ይህ ነው። ዋጋ ጠይቆ መልስ የሚጠብቅ ሰው ብዙ ጊዜ ጥያቄውን የላከው ለሦስትና ለአራት ሻጮች ነው፤ ቀድሞ በግልጽ የመለሰለት ሻጭ ገበያውን የማግኘት ዕድሉ ሰፊ ነው።

ዋትስአፕ ቢዝነስን በንግዱ ቁጥር ይክፈቱ። ያው ቁጥር በተራው ዋትስአፕና በዋትስአፕ ቢዝነስ በአንድ ጊዜ እንደማይሠራ ያስታውሱ፤ የተለየ ቁጥር እንዲያዘጋጁ የመከርኩትም ለዚህ ነው። ከዚያ የሚከተሉትን ያስተካክሉ።

ሀ. ደጋግመው ለሚመጡ ጥያቄዎች ፈጣን መልስ ያዘጋጁ። አፑ እስከ 50 የሚደርሱ መልሶችን ይይዛል። አምስት ወይም ስድስት ግን ለመጀመር ይበቃሉ፦ የሥራ ሰዓት፣ አድራሻ፣ የአከፋፈል መንገድ፣ ዕቃ ማድረስ፣ የመመለስና የመለወጥ ደንብ።

ለ. በብዛት የሚሸጡትን ዕቃዎች ከነፎቶና ከነዋጋቸው በአፑ ካታሎግ (የዕቃ ማሳያ ዝርዝር) ውስጥ ያስገቡ። ፎቶውን በቀን ብርሃን፣ ጥርት ባለ መደብ ላይ ራስዎ ያንሡት፤ ከኢንተርኔት የተወሰደ ፎቶ ደንበኛው ዕቃውን ሲያይ ቅሬታ ያመጣል።

ሐ. ከሥራ ሰዓት ውጭ የሚላክ መልእክት ያዘጋጁና መቼ እንደሚመልሱ በትክክል ይጻፉበት። «በቅርቡ እንመልሳለን» ከሚል «ነገ ጠዋት ከ3 ሰዓት በፊት እንመልሳለን» የሚለው ደንበኛውን ያቆየዋል፤ የተባለው ግን መፈጸም አለበት።

መ. ንግግሮችን «አዲስ ትእዛዝ»፣ «ክፍያ የሚጠበቅ»፣ «የተላከ» እያሉ በመለያ ምልክት ይክፈሉ፤ ያለዚያ ክፍያ የፈጸመ ደንበኛ ከሌሎች መልእክቶች ሥር ተቀብሮ ይረሳል።

ማስጠንቀቂያ፦ ፈቃዳቸውን ላልሰጡ ሰዎች በጅምላ ማስታወቂያ አይላኩ። ተቀባዮቹ ቁጥርዎን ሪፖርት ካደረጉ ሊታገድ ይችላል፤ ከቁጥሩ ጋርም የደንበኞችዎን መገናኛ ያጣሉ።

ደረጃ 6፦ በጎግል ካርታ ላይ ይመዝገቡ

ለንግድ ድርጅቶች የሚሰጠው የጎግል ቢዝነስ ፕሮፋይል ነጻ ነው። በጎግል አካውንትዎ ገብተው ስም፣ የንግድ ዓይነት፣ ቦታ፣ ስልክና የሥራ ሰዓት ይሙሉ፤ ከዚያም የሚጠየቁትን ማረጋገጫ ይፈጽሙ። ስሙን በበሩ ላይ እንዳለው ይጻፉት። «ምርጥና ርካሽ» የሚሉ ቃላትን መጨመር የጎግልን ደንብ የሚጥስ ስለሆነ ፕሮፋይሉን ሊያሳግድ ይችላል። ለአስተያየት ገንዘብ ወይም ስጦታ መስጠትም እንዲሁ የተከለከለ ነው። የሥራ ሰዓቱ ሲለወጥ በዚያው ቀን ያስተካክሉት፤ ካርታውን አምኖ መጥቶ በሩን ተዘግቶ ያገኘ ሰው ሁለተኛ አይመጣም።

ደረጃ 7፦ ክፍያን ከራስዎ ሂሳብ ላይ ያረጋግጡ

ዲጂታል ክፍያ መቀበል የዝርዝር ገንዘብ መልስ ፍለጋ መሯሯጥን ያስቀራል፤ ለመዝገብም ይመቻል። አንድ የማይጣስ ደንብ ግን ይኑርዎት፦ ገንዘቡ መግባቱን በራስዎ ሂሳብ ላይ ሳያዩ ዕቃ አያስረክቡ። ደንበኛው የሚያሳይዎት ስክሪንሹት ማስረጃ አይደለም፤ ቀኑንም መጠኑንም በስልክ መቀየር ቀላል ነው። የባንክ መልእክት መስሎ የሚመጣ አጭር የጽሑፍ መልእክትም ሐሰተኛ ሊሆን ስለሚችል አፑን ከፍተው ቀሪ ሂሳብዎን ይመልከቱ። ሠራተኛ የሚሸጥ ከሆነ እሱም ገቢውን ማየት የሚችልበት መንገድ ያስፈልገዋል፤ ያለዚያ ደንቡ ባለቤቱ በሌለበት ሰዓት ሁሉ ይጣሳል።

ደረጃ 8፦ መዝገቡንና አካውንቱን ይጠብቁ

ከወራት ሥራ በኋላ መዝገቡ ከብዙ ዕቃ የበለጠ ዋጋ ይኖረዋል። ሦስት ቅጂ ይያዙ፣ ቅጂዎቹ በሁለት ዓይነት ማስቀመጫ ላይ ይሁኑ፣ አንዱ ደግሞ ከንግዱ ቦታ ውጭ ይቀመጥ። ፋይሉ ጎግል ሺትስ ላይ ከሆነ አንዱ ቅጂ ከቦታው ውጭ አለ ማለት ነው፤ በየሳምንቱ ወደ ፍላሽና ወደ ኮምፒውተር ወይም ወደ ስልክ ሲያወርዱት ሦስቱ ይሟላሉ።

በኢሜይሉም በዋትስአፑም ላይ ባለ ሁለት ደረጃ ማረጋገጫን (አካውንቱ ሲከፈት ሁለተኛ ማረጋገጫ የሚጠይቀውን) ይክፈቱ። ለሠራተኛ የይለፍ ቃልዎን ከመስጠት ይልቅ ፋይሉን በራሱ ኢሜይል ያጋሩት፤ ሥራ ሲለቅ ፈቃዱን ብቻ ያነሳሉ። «ዕቃዎች» የሚለውን ገጽ ከባለቤቱ በቀር ማንም እንዳይለውጠው ይቆልፉ።

ማስጠንቀቂያ፦ በስልክዎ የሚደርስዎትን ባለ 6 አሃዝ የማረጋገጫ ቁጥር ጓደኛዎ ነኝ ወይም የኩባንያው ሠራተኛ ነኝ ለሚል ሰውም ሆነ ለሌላ ለማንም አይስጡ። አጭበርባሪዎች አካውንት የሚወስዱት፣ ከዚያም በነጋዴው ስም ከደንበኞቹ ገንዘብ የሚለምኑት በዚህች ቁጥር ነው።

ደረጃ 9፦ በወሩ መጨረሻ ይለኩ

አራት ቁጥሮችን በአንድ ገጽ ላይ ይጻፉ፦ የወሩን ጥቅል ትርፍ፣ ዋና ዋና ዕቃዎች ያለቁባቸውን ቀናት ብዛት፣ ለመልእክት የሚመልሱበትን አማካይ ደቂቃ፣ እና እንደ ደረጃ 1 በአንድ ሳምንት ያመለጡ ደንበኞችን ቁጥር። በዚያው ቀን መደርደሪያውን ቆጥረው ከመዝገቡ ጋር ያመሳክሩ። ልዩነት ከተገኘ ምክንያቱ ያልተመዘገበ ሽያጭ፣ ብልሽት ወይም ስርቆት ሊሆን ስለሚችል፣ ሰው ላይ ጣት ከመቀሰርዎ በፊት ረድፎቹን ይመርምሩ።

አዘውትረው የሚታዩ ስሕተቶች

ሁሉንም ደረጃ በአንድ ሳምንት መጀመር። ከመዝገቡ ጋር ካታሎጉ፣ ከካታሎጉ ጋር ካርታው ሲደራረብ መጀመሪያ የሚቋረጠው መዝገቡ ነው። ደረጃ 2 ለአንድ ወር ያህል ሳይቋረጥ ከሄደ በኋላ ወደሚቀጥለው ይለፉ።

ሽያጩን ማታ በቃል አስታውሶ መመዝገብ። የተረሳችው ትንሽ ሽያጭ ቀሪውን ብዛት ታዛባለች፤ የተዛባው ቀሪም የማዘዣ ነጥቡን ዋጋ ያሳጣዋል። ፋታ ከሌለ በወረቀት ላይ ጭረት እያደረጉ ቆይተው በዚያው ዕለት ያስገቡ።

የግልንና የንግዱን ገንዘብ መቀላቀል። ባለቤቱ ከመሳቢያው ያወጣው ገንዘብ በመዝገብ ላይ ካልዋለ የወሩ ትርፍ እውነተኛ አይሆንም። ባለቤቱ ከመደርደሪያው ለቤት የሚወስደው ዕቃም በ0 ዋጋ እንደ ሽያጭ ተጽፎ «ለቤት» የሚል ማስታወሻ ይግባበት።

የዱቤውን ሽያጭ እንደ ተከፈለ መቁጠር። በአከፋፈል መንገድ ዓምድ ላይ «ዱቤ» የሚለውን በየሳምንቱ ለይተው ያውጡና ለሚመለከታቸው ሰዎች በአክብሮት ያስታውሱ።

በየወሩ የሚከፈልበትን ፕሮግራም ቀድሞ መግዛት። ሻጩ ሲያሳይ ሁሉም ያምራል። ከመግዛትዎ በፊት የሚያስቀርልዎትን ጊዜ ያስሉ፦ በቀን 20 ደቂቃ የሚያተርፍልዎ ከሆነ በ26 የሥራ ቀናት 520 ደቂቃ፣ ማለትም 8 ሰዓት ከ40 ደቂቃ ነው። በዚያ ሰዓት የሚሠሩት ሥራ ከወርኃዊ ክፍያው የሚበልጥ ገቢ ያመጣል ወይ ብለው ይጠይቁ። መልሱ አዎ ከሆነ፣ መረጃዎን በኤክሴል ወይም በሲኤስቪ ፋይል (የሠንጠረዥ ፕሮግራሞች በሚከፍቱት ተራ የጽሑፍ ፋይል) አውጥተው መውሰድ እንደሚችሉ በሙከራው ጊዜ ራስዎ አውርደው ያረጋግጡ፤ መረጃን ማውጣት የማይፈቅድ ፕሮግራም ዋጋ ቢጨምርብዎ እንኳ ትተውት መሄድ አይችሉም።